«ሌሊት እግሬ እሳት ላይ የተጣደ ይመስለኛል»

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ አቅርቤያለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት ሆኖኛል። የምወስደው ሜትፎርሚን 500 ነው፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ከዓመት ወዲህ ሌሊት ሌሊት የእግሬ ጣቶችና ውስጥ እግሬ ይለበልበኛል። አንዳንዴ ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ይሉኛል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው አድርጌ ስዘፈዝፈው ለጊዜው ቀለል ይለኛል። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ሰው ሲመጣ ሦስት ብልቃጥ ቫይታሚን ላከችልኝ። ሁሉንም ልውሰድ? ደግሞ መራመድ ነርቭ ይጎዳል ስላሉኝ ከቤት መውጣት ትቻለሁ። ልክ ነኝ? ጾም አላፈርስም፤ እሱን እንዳይነኩብኝ።»

የአምስት ልጆች እናት፣ ከደሴ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የብልቃጦቹን ፎቶ የልጅ ልጅዎ አንስቶ ስለላከልኝ ተባረክ በሉልኝ። ጽሑፉ በደንብ ይነበባል። ከአንዱም ገና አልጀመሩ ከሆነ እሰየው። ለሁለት ሳምንት ያህል ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። ልጅዎን እንዳላስቀይም እንጂ አንዷን ብልቃጥ ጨርሶ ባይከፍቷት እመርጣለሁ። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «ብርድ ነው» ስለሚሉት ጎረቤቶች። የደሴን ብርድ አልክድም። ብርድ ግን ሁለቱንም እግር እኩል፣ ከጣት ጫፍ ጀምሮ፣ ካልሲ እንደሚጠለቅ ወደ ላይ እያለ አይዝም። እንዲህ የሚያደርገው የነርቭ ጉዳት ነው፤ ሐኪሞች ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ የሚሉት። ከወገብ ተነስቶ እግር ጣት ድረስ የሚወርደው ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቩንም፣ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚቸገረው ሩቅ ያለው ጫፍ ነው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከጊዜ ብዛት ይህ ነገር ያገኛቸዋል። ስለዚህ እርስዎ ላይ ብቻ የወረደ መዓት አይደለም።

ግን «ስኳር ስላለብኝ ነው» ብሎ እዚያ ላይ ማቆም ስህተት ነው። ሃያ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም በብዛት ያየሁት ይህን ነው። ሰው ምክንያቱ ሳይጣራለት የነርቭ ቫይታሚን ገዝቶ ይሄዳል። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ሁለት ነገር አይኔ ውስጥ ገባ፤ ሜትፎርሚኑና ጾሙ።

አይቆጡ፣ ጾሙን አልነካም። አብረን አንድ ነገር እንቁጠር ብቻ። ረቡዕና አርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት ሲደመሩ በዓመት ወደ 180 ቀን ይደርሳሉ። የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። ነርቭ የሚፈልገው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሌላ ብዙ በጎ ነገር አላቸው፤ ቢ12 ግን የላቸውም። ሰውነታችን ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ጉበት ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ጾም ብቻውን ቶሎ አይጎዳም። ሜትፎርሚን ሲጨመርበት ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሜትፎርሚን አንጀት ቢ12ን እንዳይመጥ ያደርጋል፤ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ዓመቱም በረዘመ ቁጥር ይበረታል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለሐኪሞች አሳስቧል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ቢ12ቱ በየጊዜው ይታይ ይላል። እርስዎ 11 ዓመት፣ በቀን 2000 ሚሊግራም። «ቢ12 ተለክቶልኝ ያውቃል» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

የቢ12 ማነስ ራሱን ችሎ እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል። ከስኳሩ ጉዳት በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ይኸው ነው፦ በቢ12 ማነስ የመጣው በጊዜ ከተያዘ ይስተካከላል። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ብልቃጥ ከመክፈትዎ በፊት ደም ይስጡ። አስቀድመው ቢ ኮምፕሌክስ፣ ማለትም የቢ ቫይታሚኖችን ድብልቅ፣ ከዋጡ የደሙ ውጤት ከፍ ብሎ ይታይና እውነቱ ይሸፈናል። የደም ማነስ ምርመራዎ ደህና ነው ቢባሉም በዚያ አይዘናጉ። ደም ሳያንስም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲወሰድማ የደሙን ማነስ ያስተካክልና ነርቩ ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ይቀጥላል። በዚያው ቀን የሦስት ወር አማካይ ስኳርዎን፣ ኩላሊትዎንና ታይሮይድዎን እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። ሜትፎርሚኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ አደራ።

ቢ12 አንሶ ከተገኘ ሐኪሙ መርፌ ያዛል፣ ወይም በቀን 1000 ማይክሮግራም የሚዋጥ። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ወራት ይወስዳል። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ላይ እንዲያውም መወረሩ ይብስበታል፤ አይደንግጡ።

ሁልጊዜ የምጠየቀውን ጥያቄ እርስዎም እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፦ «የጾም ነው?» ቢ12ቱ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ከባክቴሪያ የሚመረት ነው። ካፕሱሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳ በሚወጣ ጄላቲን ይሠራል። ካልጣመዎት ድፍኑን ኪኒን፣ ታብሌቱን ይጠይቁ። ከዚህ የቀረውን የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሕመምዎን በደንብ ያስረዷቸው እንጂ «ትንሽ እግሬን ያመኛል» ብለው አያቃልሉት።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ።

ሁለተኛው ብልቃጥ፣ ቢ ኮምፕሌክስ የሚለው፣ በአንዱ ፍሬ 100 ሚሊግራም ቢ6 አለው። ሦስተኛው፣ ለነርቭ የሚለው፣ 50 ሚሊግራም ቢ6 አለው። በጽሑፉ ላይ ፒሪዶክሲን ተብሎ ነው የሰፈረው። ሁለቱን አብረው ቢውጡ በቀን 150 ሚሊግራም ይሆናል። ሰውነትዎ በቀን የሚያስፈልገው ሁለት ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የተቀመጠው የመጨረሻ ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ነው። አውሮፓውያን በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 12 ሚሊግራም አውርደውታል። ለምን ቢሉ፣ ቢ6 ሲበዛና ሲቆይ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ለነርቭ ተብሎ የተገዛው ነርቭ ያሳምማል ማለት ነው። ሰውየው ደግሞ «ባሰብኝ» ብሎ ይጨምራል። ይህን ዙር በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ፋርማሲዎች በሚሸጧቸው ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አብረው ባሉባቸው አንዳንድ ኪኒኖችም ውስጥ የቢ6ቱ መጠን እንዲሁ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ቤት ያለውን ሁሉ ሰብስበው የቢ6ቱን ቁጥር አንድ ላይ ይደምሩ።

(ይህን የሚያነብ የቲቢ መድኃኒት ተጠቃሚ ካለ ግን እንዳይሳሳት። ከአይሶኒያዚድ ጋር የሚሰጥዎ ቢ6 ነርቭዎን ለመጠበቅ ታስቦ በልክ የታዘዘ ነው። አያቋርጡት።)

እንግዲህ ጨርሶ ባይከፈት ያልኩት ሦስተኛውን ነው። ሁለተኛውም ቢሆን የቢ12 ውጤት መጥቶ ሐኪም ካላዘዘ ይቀመጥ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ፣ አልፋ ሊፖይክ አሲድ የሚለው፣ ሌላ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ ለዚሁ ሕመም ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ ኖሯል። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በቀን 600 ሚሊግራም ለአምስት ሳምንት የወሰዱ ሰዎች ቀለል ብሏቸዋል። ከዚያ በኋላ የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ ገምግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት ሪፖርት ግን ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ብሏል። የእኔ አስተያየት? መርዝ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። ልጅዎ ገንዘቧን አውጥታ ልካለች፤ ሐኪምዎ ካልከለከለ በቀን አንድ፣ ምግብ ከመብላትዎ በፊት፣ ብልቃጡ እስኪያልቅ ይሞክሩት። ለውጥ ካላዩ ሌላ ላኪልኝ አይበሏት። ስኳር ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ አንባቢዎች ይጠንቀቁ።

ሌሊቱን ለማሳለፍ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ አይጀምሩ። ዳይክሎፌናክ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ብዙም አይረባም፤ ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ ጠላት ነው። ለነርቭ ሕመም የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሰቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ጋባፔንቲን። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አሚትሪፕቲሊንን፣ ዱሎክሰቲንንና ፕሪጋባሊንን አወዳድሮ ሕመም በማስታገስ ያን ያህል እንደማይበላለጡ አሳይቷል። ርካሹ አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ማታ ማታ ከትንሽ መጠን ይጀመራል። «የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ» ብለው እንዳይቀየሙ፤ ለነርቭም የቆየ መድኃኒት ነው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ብድግ ሲሉም ሊያዞርዎ ይችላል። የልብ ችግር ካለብዎ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

የጨው ውሃውን ነገር በቀላሉ አላልፈውም። አንድ ታሪክ ልንገርዎ።

አክስቴ ስኳር ነበረባት። አንድ እሁድ እቤቷ ተሰብስበን ቡና እያፈላች ነው። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደ ማንደጃው ዘርግታ፣ ቡናውን እያመሰች እየሳቀች ታወራለች። «የሆነ ነገር አረረ» አለች ራሷ። ሁላችንም ብረት ምጣዱን አየን። ቡናው ገና ቡናማ አልሆነም። ያረረው የእሷ ትንሿ ጣት ነበረች፤ ማንደጃው ጠርዝ ላይ ተደግፋ። ሽታው ነው የነገራት እንጂ እግሯ ምንም አላላትም። ያ ቁስል ለመዳን ሰባት ወር ፈጀ።

ለዚህ ነው የሚያቃጥል እግር ካለው ሰው ይልቅ «አሁንስ ተሻለኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ለሚለው የምሰጋው። ነርቩ ድኖ ሳይሆን ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። የሙቅ ውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። እርስዎ ለብ ያለ መስሎዎት ቆዳው ይላጣል። መዘፍዘፉን ይተዉት። እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ ሙቀቱን በእግር ሳይሆን በክንድዎ፣ እሱንም ባያምኑት በልጅ እጅ ያስለኩ። ከታጠቡ በኋላ በጣቶቹ መሀል በደንብ ያድርቁ። ተረከዝና ውስጥ እግር ቫዝሊን ይቀቡ፤ በጣቶቹ መሀል ግን አይቀቡ፣ እርጥብ ሆኖ ይቆስላል። የጠጠረ ቆዳ በምላጭ አይቅረፉ። ቡና ሲያፈሉ ማንደጃውን ራቅ አድርጉልኝ ይበሉ። የቃሪያና የሚጥሚጣ ማቃጠያው ካፕሳይሲን ተመጥኖ በቅባት መልክ ለነርቭ ሕመም እንደሚውል ሰምተው በርበሬ ለመለሰን ያሰበ ካለ ደግሞ፣ እባክዎ ወጥ ውስጥ ይጨምሩት።

አሁን አንድ ነገር ቤት ውስጥ ይሞክሩ። እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት ዘዴ ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም። አልጋ ላይ ጋደም ብለው አይንዎን ይጨፍኑ። የልጅ ልጅዎ በጣቱ ጫፍ የቀኝ እግርዎን አውራ ጣት ላባ እንደሚያርፍ ቀስ ብሎ ይንካ፤ አንድ ወይ ሁለት ሴኮንድ። ከዚያ መሀለኛዋን፣ ከዚያ ትንሿን። በግራም እንዲሁ። ሲሰማዎ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ልጁ እንዳይጫን፣ እንዳይኮረኩር፣ ካልሰማዎ ደግሞ እንዳይደግም ይንገሩት። በድምሩ ስድስት ጣት ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካመለጠዎ እግርዎ ጠባቂ አጥቷል ማለት ነውና ለሐኪሙ ይህንኑ ይንገሩ።

ከዚህ ወዲያ የእግርዎ ነርቭ ዓይንዎ ነው። ማታ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ውስጥ እግርዎን፣ ተረከዝዎን፣ በጣቶች መሀል በመብራት ይዩ። ጎንበስ ማለት ካቃተዎ መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጡ። ነጭ ካልሲ ያድርጉ፤ ደም ወይም እዥ ካለ ያሳብቃል። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፤ ጠጠርም ምስማርም ይኖራል። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅዎ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ወፍራም ካልሲ አድርገው ይግቡ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ላይ ግን እንዳይቆሙ።

መራመድ ነርቭ ይጎዳል ያሉዎት ሰዎች ተሳስተዋል። የሚጎዳው መቀመጡ ነው። ቁስል እስከሌለ ድረስ ይራመዱ። እንቅስቃሴ ስኳር ያወርዳል፣ ደም ያዘዋውራል፣ ለአንዳንዱ ሰው ሕመሙንም ያቀልለታል። በሳምንት 150 ደቂቃ ይበቃል፤ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ከቤት መውጣት ስለተዉ በአሥር ደቂቃ ይጀምሩ። የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሜዳ ሜዳውን፣ በቀን ብርሃን። ሸበጥና ነጠላ ጫማ ለዚህ አይሆንም። ጣት የሚሸፍን፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ያስፈልግዎታል። ልጅዎ በእርግጥ የሚጠቅም ነገር ልላክ ካለች እንዲህ ያለ ጫማ ትላክ። ከሰዓት በኋላ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ በዚያ ሰዓት አስለክተው ቁጥሩን ይንገሯት።

የደነዘዘ እግር ሚዛን ያሳጣል፤ በተለይ በጨለማ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲነሱ መብራት ያብሩ። ወጥ ቤት ውስጥ ወጡ እስኪፈላ ጠረጴዛውን ይዘው ተረከዝዎን አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ ጠረጴዛውን እንደያዙ በአንድ እግር ይቁሙ፤ አሥር ይቁጠሩ፤ እግር ይቀይሩ። ከወንበር ላይ እጅዎን ሳይደገፉ አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ። ሌላ ጂምናዚየም አያስፈልግዎም።

ስኳሩን ራሱን ስለ ማውረድ ሐኪምዎ ብዙ ብሎዎት ይሆናል፤ አልደግምም። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ በዓይነት አንድ ስኳር ሕሙማን ላይ፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በእርስዎ ዓይነት፣ በዓይነት ሁለት፣ ጥቅሙ ያን ያህል ባይሆንም አለ። ከፍ ብሎ የኖረን ስኳር ግን በጥቂት ሳምንት በአንዴ ማውረድ ራሱ የነርቭ ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ ቀስ ይባል። በጾም ጊዜ ደግሞ በፆም ምግብ ስም እንጀራውና ድንቹ እንዳይበዛ፤ ሽሮውንና ምስሩን ከፍ፣ እንጀራውን ዝቅ። አረቄ የሚቀምሱ ከሆነ ይተዉት፤ አልኮል ለነርቭ ሁለተኛ ስኳር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእርስዎ ማቃጠሉን ጀምሯል፣ ቢሆንም ጊዜ አለዎት። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ። እግር ላይ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የጠቆረ ቦታ፤ ባያምም እንኳ። አንድ እግር ብቻ ከሌላው ሞቆ፣ ቀልቶ፣ አብጦ ከተገኘ፤ ይህ አጥንት እየተሰበረ ሊሆን ይችላልና አይርገጡበት። እግርዎ ከደከመና ድክመቱ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ። በድንገት የአንድ ወገን እጅና እግር ከደነዘዘ ደግሞ የነርቭ ቫይታሚን ጉዳይ አይደለም፤ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል።

የደም ምርመራው ውጤት ሲደርስ የቢ12ቱን ቁጥር፣ ከስድስቱ ጣቶች ስንቱን እንዳወቁ ጨምረው ይጻፉልኝ። ፎቶውን ያው የልጅ ልጅዎ ያንሳው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።